ለዋይፋይ ስም የተላኩ ሽማግሌዎች

ሙሉጌጥ እናቷን ወደ ግራ ጎናቸው እያገላበጠች ሳለች የወንድሟ ድምፅ በቺፕውዱ ግድግዳ በኩል መጣ። «አልዘጋሁትም እኮ፤ ደበቅኩት ነው የምልሽ» ይላል። ሚስቱ ፀሐይ ልዩነቱ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችው። «ልዩነትማ አለው። እኛ ስልክ ላይ ይሠራል፣ ለሌላው ሰው ግን ስሙ አይታይም። ናሆም ነው ያስተካከለልኝ።» «እስከ መቼ ነው እንዲህ ተደብቀን የምንከፍተው?» «ዛሬን እንለፍ እንጂ። ሰባት ሰዓት ካለፈ በቃ፣ ሰዎቹም ሌላ ሰው ይወስዳሉ፣ እሷም ትረሳዋለች።» ከዚያ ከስልክ የሚወጣ የቀልድ ሳቅ ተሰማ። ሙሉጌጥ በአንድ እጇ የእናቷን ትከሻ፣ በሌላው እርጥብ ፎጣ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ከእሑድ ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ዋይፋይ የለም። ከእሑድ ጀምሮ ወንድሟ ጠዋት ማታ «መስመሩ ተበላሽቷል» እያለ ራሱን በሐዘን ሲነቀንቅ ከርሟል። እሷ ደግሞ አምናው፣ አይዞህ ጋሼ፣ እስከ ረቡዕ ይደርሳል እያለች ስታጽናናው ነበር። ወይ ሙሉጌጥ። የምታጽናኚውን ሰው አታውቂም።

ዕለቱ ረቡዕ፣ ጥቅምት ሃያ ሦስት ነበር። በዚያ ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት በየስልኩ ከጠፋ ወር ገደማ ሆኖታል፤ ቤቱ ድረስ በሽቦ የገባለት ሰው ብቻ ነው ከዓለም ጋር የሚገናኘው። ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በእነሱ ሰፈር፣ እንዲህ ያለ መስመር የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ የወንድሟ የአምሳሉ ቤት። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ አጥሩ ሥር ተደርድሮ ስልኩን ወደ ላይ ይዘረጋ ነበርና፣ አምሳሉ ኔትወርኩን ደበቀ ቢባል ማንም አይፈርድበትም። አጥሩ ሥር የቆመው ሰው ግን አላስቸገረውም ነበር። ያስቸገረችው ቤት ውስጥ ያለችው ናት። ሙሉጌጥ የዓሣ ባለሙያ ናት። ከአሞራ ገደል ጀምሮ በሐይቁ ዙሪያ ያሉትን አስጋሪዎች የማታውቀው የለም። ከባሏ ከተለያየች አምስት ዓመቷ፣ ወንድሟ ቤት ከገባች ደግሞ አራት ዓመቷ ነው። በገባች በወሯ እናቷን ቀኝ ጎናቸውን ያዛቸውና መኝታ ቤቱ በቺፕውድ ለሁለት ተከፈለ፤ በዚያኛው ወገን ባልና ሚስቱ፣ በዚህኛው እናትና ልጅ። ባለፈው ሳምንት ታይላንድ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሁለት ዓመት ትምህርት መርጧት፣ ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ በስካይፕ ፊት ለፊት ያነጋግራታል። ይህቺ ንግግር ካመለጠች ዕድሉ ለተጠባባቂው ነው። ይህንን ለወንድሟ የነገረችው ራሷ ናት። ታላቅ አይደል፣ ይመርቃት ብላ። እሱም «በርቺ» ብሏት ነበር።

እናቷ ወይዘሮ ብርሃነሽም ሁሉንም ሰምተዋል። ጎናቸው ቢያዝም ጆሯቸው አልተያዘም። ሙሉጌጥ ፎጣውን ነክራ፣ ጨምቃ፣ ጀርባቸውን እስክትጨርስ ድረስ ግድግዳውን ሲያዩ ቆዩ። «ያቺን ሰማያዊ ሸሚዝሽን ልበሺ» አሉ መጨረሻ ላይ። እሺ አለች። «እኔማ የትም አልሄድ። እዚሁ ታገኙኛላችሁ።»

ግድግዳውን አንኳኩታ «ጋሼ፣ ሰምቼሃለሁ» ብትል ነገሩ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር የሚል ሰው ይኖራል። እንዲህ የሚለው ሰው ታላቅ ወንድም የለውም። አንደኛ፣ ዋሸህ ልትለው ነው፤ እሱ ደግሞ የአሥራ ሁለት ዓመት ታላቋ ነው፣ አባቷ ሲሞቱ እስከ ኮሌጅ ያስተማራት እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ውሸቱ ውሸት ሆኖ እስከቆየ ድረስ ኋላ «መስመሩ ተሠራ» ብሎ ሊመልሰው ይችላል፤ ፊት ለፊት «አልሰጥሽም» ካለ ግን ያ ቃል ወጥቶ ይቀራል። ስለዚህ ቁርስ ላይ ሦስቱም ተቀምጠው ሻይና ዳቧቸውን በሉ። ፀሐይ ስኳሩ ኪሎው ስንት እንደገባ አወራች። አምሳሉ ሰማያዊውን ሸሚዝ አየና «ዛሬ ነው አይደል ነገርዬው?» አለ። «አዎ፣ ሰባት ሰዓት።» «ይሄ መስመር ደግሞ ምን አግኝቶት ነው» አለና የሳሎኑ ጥግ ላይ አራት አረንጓዴ መብራት እያብለጨለጨ የተቀመጠውን ዕቃ በቁጣ ተመለከተው። ከዚያ ኪሱ ገብቶ አምሳ ብር አወጣ። «ኢንተርኔት ቤት ሞክሪ እስቲ። ባጃጅ ኮንትራት ያዢ፣ ፀሐይ አይምታሽ።» ከልቡ ነው የሰጣት፤ ይህ ነው የሚያናድደው። ተቀብላ አመሰገነች።

እሱ ቢሮ ሲሄድ ከመሥሪያ ቤት የተዋሰችውን ላፕቶፕ እናቷ አልጋ ጫፍ ላይ ከፈተችው። የመሥሪያ ቤቷ መስመር ባይበጠስ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር፤ ግን ለመንገድ የሚቆፍሩ ሰዎች ገመዱን ከበጠሱት ሳምንት አልፏል። የኔትወርኩ ዝርዝር ላይ አንድም የቤት ስም የለም፤ ግርጌው ላይ ግን «ስውር ኔትወርክ» የሚል አንድ መስመር ከነሙሉ ጉልበቱ ቁጭ ብሏል። ስትጫነው መጀመሪያ ስም ጠየቃት። የይለፍ ቃሉን ታውቀዋለች፣ ወንድሟ ድሮ በግልጽ ነው የነገራት፤ ስሙ ግን ሲደበቅ ተለውጧል፤ የድሮውን ብትጽፍ አልተቀበላትም፣ አዲሱን ደግሞ አታውቀውም። የወንድሟን ስም ጻፈች። አይ አለ። የፀሐይን ስም ጻፈች። አርባ ምንጭ የምትማረውን የልጃቸውን የሐሴትን ጻፈች። አባታቸው የተወለዱበትን ቀበሌ፣ ወንድሟ የሚደግፈውን የእንግሊዝ ቡድን፣ መሥሪያ ቤቱን፣ የራሷን ስም ሳይቀር ሞከረች፤ በራሷ ስም ላይ ትንሽ ተስፋ አድርጋም ነበር። ኮምፒዩተሩ በየተራው በጨዋ ደንብ መገናኘት አልተቻለም አላት። እናቷ ጣሪያውን እያዩ «አልከፍት አለሽ?» አሉ። «አልከፍት አለኝ።» «ድሮስ በር ሲዘጋ ልማዱ ነው» አሉ እናቷ፤ ማንን እንዳሉ አልተናገሩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጠዋት እንዲሁ በእግር አለቀ። ፒያሳ ያለው ኢንተርኔት ቤት በር ላይ አሥራ አራት ሰው ተሰልፏል፤ አብዛኛው ፎቶ ይዞ ዲቪ የሚሞላ ነው። ሂሳብ የምትቀበለው ሴትዮ ደቂቃው አርባ ሳንቲም መሆኑን፣ ሰዓት መያዝ እንደማይቻል፣ ማይክ ያለው ማዳመጫም እንደሌለ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። ሐይቁ ዳር ያለው ሆቴል ሄደች። እዚያ ማኪያቶ ካላዘዙ የይለፍ ቃል አይሰጥም፤ ማኪያቶ ደግሞ አሥራ ስምንት ብር ነው። አዘዘች፣ ከደረሰኙ ላይ ቁጥሩን ጻፈች፣ ገባላት። ደስ አላት። ለሙከራ ግቢዋ ውስጥ ዋይፋይ ላላት ለሐሴት በስካይፕ ስትደውል የልጅቱ ፊት አፏን እንደከፈተች ደርቆ ቀረ። ዙሪያዋን ብታይ በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ማኪያቶና አራት ሰው አለ፤ አንዲት መስመር ለሁሉም ምን ታድርግ። ማኪያቶውን ጨርሳ ወጣች፤ አሥራ ስምንት ብር ከፍሎ የሚተው የለም።

አራት ሰዓት ሲሆን ናሆም ሱቅ ደረሰች። ናሆም ኮምፒዩተር የሚጠግን፣ በተረፈው ሰዓት የሰርግ ካርድ የሚያትም የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው። ገና በሩ ላይ ሲያያት ፊቱ ተለወጠ፤ ለምን እንደመጣች አውቋል። «እትዬ ሙሉጌጥ፣ አልችልም» አለ ሳትጠይቀው። «ጋሽ አምሳሉ ለማንም እንዳልናገር በጊዮርጊስ አስምሎኛል። ዛሬ ደግሞ ጊዮርጊስ ነው።» ኮምፒዩተሩ ላይ ራስህ ጻፍልኝ፣ አትናገረኝ አለችው። ጠመንጃ የተደገነበት ይመስል እጁን ከጠረጴዛው አነሳ። መጻፍም መናገር ነው አለ፤ አስቦበታል። የዋይፋዩን ሳጥን አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስነሳትስ? ያኔ ቤቱ ሁሉ ይጠፋል፣ ጋሽ አምሳሉም ያውቃል። ያልተነገራትን ስም ኮምፒዩተሩ እንደማይገምትላት፣ ይህን ሥራ የሠራው እሱ በመሆኑም እንደሚያፍር ነገራት፤ በእርግጥም አፍሯል፣ ወንበር እንኳ አልሰጣትም። ከዚያ ጭንቀቱን ሊያቀል ብሎ ሳቅ አለና «በቃ ሽማግሌ ላኪበት» አላት። ሙሉጌጥ አልሳቀችም። «ስንት ሰዓት ነው?» አለች። አራት ከሃያ ነበር።

እስቲ አስቡት፤ ሽማግሌ ለጋብቻ ይላካል፣ ለዕርቅ ይላካል፣ ለድንበር ይላካል። ለኔትወርክ ስም ሲላክ ሀዋሳ አይታ አታውቅም። ሙሉጌጥ ግን የምትይዘው ሌላ መንገድ አልነበራትም፤ ታላቅ ወንድሟን ፊት ለፊት የማትለውን ሽበት ያላቸው ሦስት ሰዎች ሊሉላት ይችላሉ። መጀመሪያ ከጊዮርጊስ የሚመለሱትን የቤቱን የንስሐ አባት፣ መምሬ ገብረጻድቅን መንገድ ላይ ጠበቀቻቸው። በጥሞና ሰሟት። «ስም ነው የሚደበቀው?» አሉ። አዎ አባ አለች። «የማን ስም?» የኢንተርኔቱ። መምሬ ጥቂት አሰቡና ስም ያለው ነገር መጠራት አለበት ብለው ተስማሙ። የእድሩ ዳኛ አቶ ሰይፈሚካኤል የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቃለ ጉባዔ ይያዛል ወይስ አይያዝም። ሐጂ ሸምሱ የሥልጤ ሰው ናቸው፤ አባቷ በሕይወት ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ ቆርቆሮና ሚስማር ከሚሸጡበት ሱቃቸው ሳይነሱ «ገንዘብ ነው?» ብለው ጠየቁ። አይደለም ሐጂ፣ ስም ነው። «ገንዘብ ካልሆነማ ቀላል ነው» አሉና ሱቁን ለሚስታቸው ሰጥተው ተነሡ። ሦስቱም ወንድሟ ለምን እንደደበቀው አልጠየቁም። እሷም አልነገረቻቸውም፤ ይህንን ኃጢአት ከፈለጋችሁ ለእሷ ጻፉባት።

አምሳሉ ስድስት ተኩል ላይ ምሳውን ሊበላ ቤቱ ገባ። ፀሐይ የረቡዕ ሽሮዋን አቅርባ ገና ሁለተኛውን ጉርሻ ሲያነሳ ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አስተካክለው በሩን ሞሉት። ሙሉጌጥ እናቷ ክፍል መጋረጃውን ይዛ ቆማለች፤ ላፕቶፑ ብብቷ ውስጥ ነው። አምሳሉ እጁን ሳይታጠብ ብድግ ብሎ ተቀመጡ፣ ኑ፣ እንብላ አለ። መምሬ ጾም ላይ ነኝ አሉ። አቶ ሰይፈሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ። «የመጣነው በእህትህ በሙሉጌጥ ጉዳይ ነው። አንተ ዘንድ ያለ ነገር አለ፤ ስጠን ብለን ደጅህ መጥተናል።» እዚህ ላይ አምሳሉን ማየት ነበር። ሦስት ሽማግሌ፣ የማይቀመጡ፣ ስለ እህቱ። ለሠላሳ አራት ዓመት ሴት፣ አንዴ ትዳሯ ለፈረሰባት፣ በጠራራ ፀሐይ ሽማግሌ ሲመጣ ሰው ሌላ ምን ያስባል። ፊቱ በአንድ ጊዜ በራ። ባል ካገባች ደግሞ እዚሁ ከተማ ናት፣ እዚሁ ሰፈር ናት፣ ታይላንድ ቀረ። ፀሐይ ሮጣ የሶፋውን ጨርቅ አስተካከለች። ደንቡ «ተመካክረን እንነግራችኋለን፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ማለት ነው፤ አምሳሉ ደንቡን ረሳው። «የእናንተን ቃል እኔ ማን ነኝ የምመልሰው» አለ። «እሺ ብያለሁ። የጠየቃችሁትን ሰጥቻለሁ። ተቀመጡልኝ።»

ሦስቱ ተያዩ። በዕድሜያቸው አንድም ሰው በመጀመሪያው ቀን እሺ ብሏቸው አያውቅም። ተቀመጡ። አምሳሉም ተቀመጠና በደስታ እጁን እያሻሸ «ልጁ የማን ልጅ ነው?» አለ።

«የቱ ልጅ?» አሉ ሐጂ።

«ሙሽራው።»

ሐጂ ሸምሱ ወደ መምሬ ዞሩ፣ መምሬ ወደ አቶ ሰይፈሚካኤል ዞሩ። «እኛ የመጣነው ለስም ነው» አሉ አቶ ሰይፈሚካኤል። «የኢንተርኔትህን ስም። ደብቆታል ተብለን ነው።»

ጥጉ ላይ ያለው ዕቃ ብቻ አራት መብራቱን ያብለጨልጫል። ፀሐይ ሽሮውን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ በዚያ ሰዓት ከጓዳ የተሻለ ቦታ አልነበረም። አምሳሉ መጋረጃውን አየው፤ ከመጋረጃው ሥር የእህቱ ጫማ ይታያል። ካደ ብትሉ አልካደም። «እሺ ብያለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም» አለ ቀስ ብሎ። «ግን ለምን እንደደበቅኩት ነግራችኋለች? እሷ ሁለት ዓመት ልትሄድ ነው። ሁለት ዓመት። እማዬን ማን ሊያገላብጣት ነው? ሠራተኛ ሦስት ጊዜ ቀጠርን፤ ሦስቱም ወር ሳይሞላቸው ኢንዱስትሪ ፓርክ ገቡ። ፀሐይ ወገቧን ታማለች፣ ሐኪም ከባድ አታንሺ ብሏታል። እኔ ነኝ? ወንድ ልጅ እናቱን ሊያጥብ? እሷም አትፈልግም፣ እኔም አልችልም።» ድምፁ ተሰበረ፤ ሽማግሌ ፊት ያልጠበቀው ነገር ነው። «ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። እሷ ከሄደች እናቴ በእጄ ላይ ትሞትብኛለች ብዬ ፈራሁ።»

የሽማግሌዎቹ ልብ ሲገለበጥ ሙሉጌጥ መጋረጃውን ሳትገልጥ አወቀችው። አቶ ሰይፈሚካኤል «ይሄማ ሌላ ጉዳይ ነው» አሉ። ሐጂ «እናት ነገር» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። መምሬ «ልጄ፣ ነይ እስቲ ውጪ» አሉ። ወጣች። ይሄን ለምን አልነገርሽንም አሏት። «አልጠየቃችሁኝም አባ» አለች። ከዚያ ግን የዚህ ዓይነቱ መልስ ለራሷም አልበቃትም። ወደ ወንድሟ ዞራ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን እያየች ተናገረች። «ጋሼ፣ እማዬን ሳገላብጥ አንድ ቀን ከፍቶኝ አያውቅም። የከፋኝ ዛሬ ነው። አንድ ቀን ጠርተህ ‹አትሂጂ፣ ፈራሁ› ብትለኝ ኖሮ ምናልባት እቀር ነበር። አምሳ ብር ሰጥተህ ከተማውን አዞርከኝ።» አምሳሉ መሬቱን አየ። ከመጋረጃው ጀርባ ወይዘሮ ብርሃነሽ አንዴ ሳሉ፤ ለመሳል የሳሉት ይሁን ለሌላ ነገር አልታወቀም።

ሰባት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ሽማግሌዎቹ አንገት ለአንገት ገጥመው ተመካከሩና አቶ ሰይፈሚካኤል ውሳኔውን አነበቡ፤ ወረቀት አልነበራቸውም ግን አነበቡ ነው የሚባለው። ቃል ቃል ነው፤ አምሳሉ ስሙን ይስጥ። ሙሉጌጥም ከሰዎቹ ጋር ትነጋገር። ነገር ግን የእናት ጉዳይ ስላለበት ሽማግሌዎቹ ከዚህ አይነሱም፤ የምትናገረውን ሁሉ እየሰሙ፣ የመጨረሻ ቃል ስትሰጥ እነሱ ፊት ይሁን። እንግሊዝኛ እንደማይሰሙ ማንም አላነሳም። አምሳሉ የኪስ ቦርሳውን ከፈተና ከመታወቂያው ጀርባ በአራት የታጠፈች ቁራጭ ወረቀት አወጣ፤ እጅ በእጅ፣ በሐጂ በኩል፣ ለእህቱ ደረሰች። ናሆም በላቲን ፊደል ጽፎባታል። ብርሃነሽ ይላል፤ የእናታቸው ስም። ሙሉጌጥ ወረቀቷን አንዴ አየች፣ ደግማ አየች። በየወሩ ሆስፒታል ካርድ ላይ የምትጽፈው ስም ነው። ጠዋት ከቤተሰቡ ያልሞከረችው ሰው እሳቸውን ብቻ ነበር፤ ያውም አልጋቸው ላይ ተቀምጣ። ፊቷ ጋለ። ስሙን ጻፈች፣ የይለፍ ቃሉን አስከተለች፣ ኮምፒዩተሩ ጥቂት ዞረና ገባ።

ላፕቶፑን የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፤ ሌላ ጠረጴዛ የለም። ልክ ሰባት ሰዓት ሲሆን ስክሪኑ ላይ መነጽር ያደረገች አንዲት ፕሮፌሰርና አንድ ረጋ ያለ ሰውዬ ታዩ። ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው፤ አንዴም አልደረቀም። ለዚህች መስመር መቼም አምሳሉ ምንም አልሰሰተም። ስለ ሐይቁ ጠየቋት፣ ስለ ቆሮሶ ዓሣ እርባታ ጠየቋት፣ በክረምት የሚሰገረው ዓሣ ለምን እንደሚያንስ ጠየቋት፤ ይህንን እንኳን በእንግሊዝኛ፣ ተኝታም ትመልሰዋለች። ፕሮፌሰሯ መሃል ላይ ቆም ብላ ከኋላዋ የተቀመጡት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ጠየቀች። ሙሉጌጥ የሰፈሬ ሽማግሌዎች ናቸው አለቻት። ፕሮፌሰሯ ይህንን ስትሰማ ሁለት መዳፏን ገጥማ ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። ሦስቱም ሽማግሌዎች ካሉበት ብድግ ብለው በጋቢያቸው እጅ ነሱ፤ መምሬ መስቀላቸውን ወደ ካሜራው ዘረጉ። ሐጂ «ጨዋ ሴት ናት» አሉ ሲቀመጡ። አምሳሉ ከእነሱ ጎን፣ የሶፋው ጫፍ ላይ፣ እጁን ጉልበቶቹ መሃል ከቶ ተቀምጧል። ሙሉጌጥ እሱን በስክሪኑ ጥግ ላይ እንደ ጣት ጥፍር አንሶ ታየዋለች።

ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ፕሮፌሰሯ መነጽሯን አወለቀች። አንድ ነገር ቀርቶኛል አለች። በማመልከቻሽ ላይ የታመሙ እናትሽን እንደምታስታምሚ ጽፈሻል። ሁለት ዓመት ረጅም ነው፤ ከዚህ በፊት በዚህ ምክንያት ትምህርቱን በመንፈቁ ጥለው የተመለሱ አሉ፣ እኛም ያንን ቦታ ለሌላ ሰው መስጠት አልቻልንም። አንቺ ስትመጪ እናትሽን ማን ያያቸዋል? ሙሉጌጥ ለዚህ ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ የተለማመደችው መልስ ነበራት፤ ሠራተኛ እንቀጥራለን፣ ዘመድ አለ የሚል። አፏ ላይ ደረሰና አልወጣም። ጣቷ የጠረጴዛውን ጨርቅ ይዞ ነበር። ከዚያ አጭር ዓረፍተ ነገር ተናገረች፤ አራት አምስት ቃል ብትሆን ነው። ፕሮፌሰሯ ቀና ብላ ወደ ሶፋው አየች።

አቶ ሰይፈሚካኤል ወደ አምሳሉ ጆሮ ጠጋ ብለው «አሁን ምን አለቻት?» አሉ፤ ሹክሹክታቸው መንገድ ድረስ ይሰማል። «እማዬን ማን ያያታል ነው የምትላት» አለ አምሳሉ። «እህ፣ እሱን ነው እኛም የምንለው። ልጅቱስ ምን አለች?» ሳሎኑ ውስጥ ከሙሉጌጥ ሌላ እንግሊዝኛ የሚሰማ አምሳሉ ብቻ ነው። ደስ ያለውን ቢል፣ አልሄድም አለች ቢል፣ ሽማግሌዎቹ መርቀው ይነሱ ነበር፤ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር። ሐጂ ጉልበቱን በመዳፋቸው መታ አደረጉት። «ንገረና፣ ምን አለች?»

«ወንድም አለኝ፣ አለች።»

«እውነቷን ነዋ» አሉ ሐጂ ወዲያው፣ ይሄ ነገር እስካሁን እንዴት እንዳልታያቸው እየገረማቸው። መምሬ ገብረጻድቅ ቆመው መስቀላቸውን አወጡ፤ ቃሉ በአምሳሉ አፍ ሽማግሌ ፊት ከተነገረ በኋላ በምርቃት ሳይታሰር መቅረት የለበትም። እናትህን ለመጦር ያብቃህ፣ ክንድህን ያበርታው፣ እጅህ ለእሷ አይፈር አሉ። ስክሪኑ ላይ ፕሮፌሰሯና ሰውዬው የሚሆነው ነገር ሥርዓት መሆኑን አውቀው ዝም ብለው ጠበቁ። ሙሉጌጥ ወደ ኋላዋ መዞር አልቻለችም። አቶ ሰይፈሚካኤል አምሳሉን በክርናቸው ጎሸም አድርገው «አሜን በል እንጂ» ሲሉ ሰማች፣ ሶፋው ሰው ሲነሣበት ሲንሿሿ ሰማች።

«አሜን» አለ አምሳሉ።